የእትዬ ጥሩወርቅ ጽጌረዳ

ጽጌረዳ እንደኔ የሚያውቅ ሰው አዋሳ ውስጥ አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ አስር ዓመት የሆቴል አትክልተኛ ነበርኩ። እሺ፣ ጉራም ነው።

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሞገስ ትእዛዝ አወጣ፤ ለአብዮት በዓል መንገድ ዳር ያለ ግቢ ሁሉ በአበባ ይድመቅ፣ የማያብብ ተክል ተነቅሎ በቀበሌው ችግኝ ይተካ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሰምተው ወደ እኔ ሮጠው መጡ። ደጃቸው ላይ ያለው ያረጀ ጽጌረዳ ካበበ አራት ዓመት አልፎታል። ከሥሩ ደግሞ የልጃቸው የጌታቸው ወረቀቶች በቆርቆሮ ተቀብረዋል፤ ደርግን እየተቃወመ በእጁ የጻፋቸው፣ የሚያስገድሉ። የቀበርናቸው እኔና እሳቸው ነን። አሁን አውጥተን እንዳናቃጥላቸው ጥበቃዎች ከአጥሩ ማዶ ኬላ ተክለዋል።

"ካላበበ ይነቅሉታል፤ ልጄን ይበሉብኛል" አሉኝ።

"ለኔ ይተዉት" አልኳቸው።

የደረቀውን ግንድ በመጋዝ ቆረጥኩ፤ የቀረውን እስከ ጉልበቴ ድረስ ገረዝኩት። እሳቸው በየማለዳው ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት በባልዲ ያመጣሉ፤ ላይ ላዩን ጫር ጫር አድርገን እንቀብራለን። ሰፈሩ ሁሉ ሸተተ። ጳጉሜ ላይ አበበ። ቡጢ የሚያክል ቀይ አበባ፣ አስራ አንድ! እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ሳሙኝ።

ጓድ ሞገስ ሊጎበኝ መጥቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። "ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ዝም ብል ምን ነበረበት? "እኔ ነኝ፣ ጓድ! እኔ የያዝኩት ጽጌረዳ ድንጋይ ላይም ቢተከል ያብባል!"

"እንግዲያው ነቅለህ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ትከልልን።"

በለፈለፉ ይጠፉ ይላሉ። የለፈለፍኩት እኔ፣ የጠፋው ሌላ።

ሁለት ጠባቂዎች አጠገቤ ቆመው ቆፈርኩ። ዳር ዳሩን ልዞር ሞከርኩ፤ አንደኛው አካፋውን ነጥቆኝ መሃሉ ላይ ሰካው። ቆርቆሮው ጮኸ።

"የኔ ነው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ጓድ ሞገስ ቆርቆሮውን ከፍቶ የእጅ ጽሑፉን አየና ሳቀ፤ እሳቸው ፊደል እንደማይቆጥሩ ያውቃል። "የማነው?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። "የጌታቸው ነው" አልኩ። ያኔውኑ ከቤት አውጥተው ወሰዱት።

ጽጌረዳው ቀበሌው ፊት ሥር ያዘ። የማጠጣው እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው ቀበሌው ውስጥ ለታሰረው ልጃቸው ምሳ ይዘው በየቀኑ አጠገቤ ያልፋሉ፤ ቀና ብለው አያዩኝም። በጥቅምት አንድ ቀን ዘበኛው "ከእንግዲህ አያምጡ" ብሎ ምግቡን መለሰላቸው። ሳህኑን እንደያዙ ፊቴ ቆሙ።

"አበበልህ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ" አልኩ።