የተካፈሉት ቅባት

የደህንነት ተቆጣጣሪዋ አራት ዓመት ሙሉ ስትለፈልፍ ኖራለች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። «ጓንት አትቁረጡ» የሚል ወረቀት በእጥበት ክፍሉ በር ላይ ለጠፈች፤ በማግስቱ ጠርዙ ላይ የእግር ኳስ ውጤት ተጽፎበት አገኘችው።

በዚያ የፋብሪካ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራባቸውና ዋፈር የሚባሉት ክብ የሲሊከን ዝርጎች፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ፣ ከጥፍር ብዙም የማይወፍሩ፣ አሲድ ውስጥ ገብተው ይወጣሉ። ሠራተኞቹ አሲዱን «ዝምተኛው» ይሉታል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ እንደ ውሃ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ወደ አጥንት ሲወርድ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጎቷ የጓንታቸውን የሌባ ጣት ጫፍ በመቀስ ቆርጠው ሲሠሩ ደረሰችባቸው። የእናቷ ወንድም ናቸው። የዋፈር ጠርዝ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በጣታቸው ዳስሰው ስለሚፈርዱ ክፍሉ «ዳኛው» ይላቸዋል። ጠርዙ ግን ምላጭ ነው፤ ጣታቸው ተሰንጥቆ ደምቷል፣ ርሷልም።

«ጋሼ፣ በምን ራሰ?»

«በዝምተኛው ይመስለኛል። ምንም አላለኝም።»

«ምንም ስለማይል አይደል ዝምተኛው ያላችሁት?»

ድርብ ጓንት አጥልቃ፣ የእሳቸውን አውልቃ እጃቸውን ከቧንቧ ስር አስገባች፤ አምስት ደቂቃ በሰዓቷ ቆጠረች። ከዚያ የግድግዳውን ሳጥን ከፍታ የካልሲየሙን ቅባት አነሳች፤ አሲዱ አጥንት ሳይደርስ የሚይዘው እሱ ነው። ቱቦው ቀለላት። ጨመቀችው፤ ተነፈሰ። ከታች ጠቅልላ ጨመቀችው፤ አሁንም አየር ብቻ ወጣ።

«ይሄን ማን ጨረሰው?»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ።

«ጓንቱ እጅ ያደርቃል እኮ» አለች ዋፈር ቆጣሪዋ። «ያለሰልሳል ተብሎ ነው።»

«ማን አለ?»

ቆጣሪዋ ወደ ዳኛው አየች።

«ሽታ የለውማ» አሉ ዳኛው። «ባለቤቴም ቤት ወስጄላት ለተረከዟ ወዳዋለች።»

ልትቆጣ ስትል ዓይኗ በሳጥኑ ክዳን ላይ በተንጠለጠለው ቅጽ ላይ ዐረፈ። «የካልሲየም ቅባት፦ አለ።» በየሰኞው፣ ስምንት ሳምንት፣ በራሷ ፊርማ። ቱቦው መኖሩን አይታለች፤ አንድም ቀን አንስታ አላየችውም። ቅጹን ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«የወሰዳችሁትን አምጡ» አለች።

«ይጻፍብናል?» አለች ቆጣሪዋ።

«ጣታቸው ሊቆረጥ ይችላል። ስም አልጽፍም። አምጡ።»

ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሮጡ። አንዱ የከንፈር ቅባት ቆርቆሮ፣ ሌላው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ፤ ቆጣሪዋ የጆሮ ጌጥ ማስቀመጫ አቀረበች። ዳኛው ራሳቸው በግራ እጃቸው ከኪሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ፤ ከሁሉም የሞላው የእሳቸው ነበር። ተቆጣጣሪዋ ሁሉንም ጠርጋ አዲስ ጓንት ውስጥ ሞላች፤ የአጎቷን እጅ ከታ እያሸች ወደ መኪናው ወሰደቻቸው።

«ሳያመኝ ታማሚ አደረግሽኝ» እያሉ ሆስፒታል ደረሱ።

ሐኪሙ እየመረመራቸው ሳለ ፊታቸው ገረጣ። «አሁን አመመኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሐኪሙ ካልሲየሙን በመርፌ ሰጣቸው። «ሳይቀቡ ቢመጡ ኖሮ ስለ ጣትዎ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። «ጥፍሩን ግን ይሰናበቱት።»

ተቆጣጣሪዋ ከአጎቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ቅጹን ከኪሷ አወጣች። ከመጨረሻው «አለ» ጎን «ባዶ ነበር፤ አንስቼ አላየሁትም» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«የኔንም ስም ጻፊ» አሉ ዳኛው።

«ስም አልጽፍም ብያለሁ።»

«ጻፊው። ለባለቤቴ ማሳየት አለብኝ። ያለ ማስረጃ ቤት ያለውን ቅባት አትመልስም።»