የሜቭራው ዲክስትራ ፊከስ

ቢልመር በሚባለው ሰፈራችን፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ሜቭራው፣ በእኛ ወይዘሮ፣ ዲክስትራ ትባላለች። በ1996 ሮተርዳም ያለች ልጇ ስትወልድ ልታግዛት ሄደችና ፊከሷን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። እስከ ደረቴ የሚደርስ የቤት ውስጥ ተክል ነው፤ ሟች ባሏ የገዛላት። ትእዛዟ አጭር ነበር፦ በሳምንት አንድ ብርጭቆ ውሃ፤ ጣቴን ከትቼ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ጠብታም እንዳላፈስ። እኔ ደግሞ የሰው አደራ ቤቴ ከገባ እንቅልፍ የለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ እየገረጣ ይረግፍ ጀመር። ጣቴን ብከት አፈሩ ጭቃ ነው። ባለቤቴን የትነበርሽን ጠረጠርኳት። እሷም ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ ደክሟት ገብታ እንኳን ለሰው ተክል ለራሷም ውሃ ለመቅዳት አቅም እንደሌላት ነገረችኝ፤ ቀጥላ እኔን ጠረጠረች። ተኮራረፍን። ቅጠሉ መርገፉን ቀጠለ።

አንድ ጠዋት ነገሩ ተገለጠ። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ፣ እማማ ወለተሥላሴ፣ በጸበል ፊታቸውን ከታጠቡ በኋላ የወረደውን በሳህን ተቀብለው፣ ቀስ ብለው፣ በአክብሮት ፊከሱ ሥር አፈሰሱት። ጸበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። የመታጠቢያው ቧንቧ ወደ ቆሻሻ ፍሳሽ ይወርዳል፤ ታች ሣሩ ላይ ውሻ ይጸዳዳል። በዚህ ሁሉ ፎቅ ላይ ማንም የማይረግጠው አፈር የሜቭራው ዲክስትራ ብቻ ነው። እሳቸውን ሊጠይቁ የሚመጡት ሴቶችም እንዲሁ ሲያደርጉ ከርመዋል።

ውሃ ሲበዛበት ሥሩ በስብሶ እንደሚሞት በትሕትና አስረዳኋቸው።

«ጸበል ይገድላል ነው የምትለኝ?» አሉ።

አፈሩን ልቀይርለት ስነሳ ደግሞ፣ ጸበል የጠጣ አፈር ቆሻሻ መጣያ አይገባም ብለው ከለከሉኝ። ጭቃውን በከረጢት አዝዬ፣ ሜትሮ ውስጥ ሰው እየሸሸኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወሰድኩት። ቄሱ ከዛፍ ሥር አስደፉኝ።

ሜቭራው ዲክስትራ ስትመለስ ፊከሱ ከቅጠሉ እንጨቱ ይበዛ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተክሏን ይዛ ገባችና በሯን ዘጋች። አደራ በላ ሆኜ ቀረሁ አልኩ በሆዴ፤ ከእንግዲህ ሰላምታዋም አይገባኝም።

ፊከሱ እንደገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር በራችን ተንኳኳ። ሜቭራው ዲክስትራ የልጅ ልጇን ለማየት ደግማ ልትሄድ ነው፤ ፊከሱን ታቅፋ ቆማለች። ደስ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልፋኝ ገባችና እማማን አስታቀፈቻቸው። ከኪሷም የተቀቀለ እንቁላል የሚቀመጥበት ትንሽ ስኒ አወጣች።

«በሳምንት አንዴ፣ በዚህ ልክ፣ ከጸበሉ» አለች። «ባሌም እንዲሁ ያለ ልክ ያጠጣው ነበር። ይወደው ነበር።»

ተረጎምኩላቸው። እማማ ስኒዋን ተቀብለው ሳሟት፤ ከዚያ ሜቭራው ዲክስትራን አገላብጠው ሳሙ።

እኔስ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት።

«አንተ መተርጎሙን ቀጥል» አለችኝ።