የአራት ሰዓቱ ደወል

«ዝም አሰኚው እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለች ዙለይሃ ልጇን ሱንዱስን፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ።

ሱንዱስ ጡቷን ደግማ ለልጇ አቀረበችለት። ሰባት ወር የሆነው ኢምራን ግን ጡት አልፈለገም። እጆቹን የዘረጋው በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ጋቢ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ንፍሮ ይዘው የተቀመጡት የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ ስልኳን አየት አደረገችና አራት ሰዓት መሆኑን ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። ልጁ ማልቀሱን ቀጠለ።

የጋቢው ባለቤት፣ የሱንዱስ አባት ሙሐመድሁሴን፣ የተቀበረው ከአንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። አርባ ዓመት ዓሣ ያጠመደበት ሐይቅ በላው። መረቡ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ነው ያገኙት።

አራት ሰዓት የኢምራን ሰዓት ነበር። አያቱ በዚያ ጋቢ አዝሎት ከሐይቁ ዳር ወደ ከተማው ይወጣል፤ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ የዕረፍት ደወል ሲደወል ሱንዱስ ከክፍል ሮጣ ወጥታ ታጠባለች። ትምህርት ቤቱ ከወለደች በኋላ መልሶ ሲቀበላት ልጁ ግቢ እንደማይገባ፣ የሚያመጣላት ሰው ካለ ግን ውጭ ወጥታ ልታጠባው እንደምትችል ነግሯቸዋል። ጡጦ ደግሞ ልጁ አፉን አያስነካም። አምጪው ከሌለ ትምህርቱም የለም ማለት ነው፤ ይህን ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድ ሰው ሕፃን አዝሎ በአስፋልት ሲሄድ የሐይቅ ከተማ አይታ አታውቅም። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ «አያ ሞግዚት» ይሉት ነበር። እሱም ቆም ይልና «እናንተም ሰው ነው እምትጭኑ፣ እኔም ሰው ነው የጫንኩ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሱንዱስ ስታጠባ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ሐይቁን እያየ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይጠብቃታል። ስትጨርስ ስለ ትምህርቷ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ «ገባሽ?»

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አያ ዝናው ስለ መጨረሻዋ ጧት ተናገረ። ዝናው ክርስቲያን ነው፤ ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን መረብ ስለጣሉ ከወንድም ተቆጥሮ ከሐዘንተኞቹ መሀል ነው የተቀመጠው። ሐሙስ ጧት ከማዶው ዳር መረብ ሰብስበው ሳይጨርሱ ነፋስ ተነሣ። ሌሎቹ አጥማጆች ታንኳቸውን ወደ ሸምበቆው አስጠግተው እስኪበርድ ተቀመጡ።

«ይቺ ነፋስ አታምርም፣ ቆይ እንጂ አልኩት» አለ ዝናው መሬት መሬቱን እያየ። «‹አራት ሰዓት ሊደወል ነው፣ ልጁ ይራባል› አለኝና ቀዘፈ። ይኸው ነው።»

ነገሩ ከድንኳኑ ወደ ቤት ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። ሴቶቹ ተቀባበሉት። አንዷ ምስኪን አለች፤ ሌላዋ በልጅቷ ሰበብ ነዋ አለች፤ ሦስተኛዋ ዝም በይ ብላ ራሷ ጨመረችበት። ሹክሹክታ ማለት ለሚመለከተው ሰው እንዲሰማ ተብሎ የሚወራ ወሬ ነው፤ ሱንዱስም አንድ ሳይቀር ሰማች። ዙለይሃ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞረችና ልጇን አየቻት። ሱንዱስ እንዲያ ከምታያት ብትመታት በወደደች።

ለቀስተኛ ሟችን ማሳመር ይወዳል። በዚያ ቀን የመጣው ሁሉ ሙሐመድሁሴንን ከልጅነቱ ጀምሮ ደግ አደረገው። ሱንዱስ ግን ሌላውንም ሙሐመድሁሴን ታውቀዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ሆና ስታረግዝ፣ አስረጋዡ የባጃጅ ሾፌር ወሬውን ሲሰማ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረ፤ አባቷ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ እያለ ራቃት። እጁን አላነሣባትም። ሰባት ወር ሙሉ ግን አንድ ቃል አላናገራትም። ደብተሮቿን ሰብስቦ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዳቸውና ቅጠል በቅጠል እየቀደደ ለገበያተኛ ዓሣ ጠቀለለባቸው። ጂኦግራፊዋ ሄደ፤ እንግሊዝኛዋ ሄደ፤ ሒሳቧ ከነሥዕሉ ሄደ። በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ እሱም እንደምታየው ያውቃል።

አራተኛው ደብተር ተጋምሶ ሳለ መምህርት ሱረያ ሁለት ዓሣ ገዝታ ሄደች። በማግስቱ የረጠበውን ወረቀት አድርቃ ይዛ ተመለሰችና ጽሑፉ የማን እንደሆነ ጠየቀችው።

«የማንም» አላት።

«‹ማንም› የምትባል ልጅ ባዮሎጂ ከዐሥር ዘጠኝ ተኩል አታገኝም» አለችው።

የወለደች ልጅ ወደ ትምህርቷ መመለስ እንደምትችል የነገረችው እሷ ናት። ሙሐመድሁሴን ያን ዕለት ከተረፈው ዓሣ ጋር የተረፈውን ግማሽ ደብተር ይዞ ቤት ገባ፤ በቅርቡ የወለደች ልጁ እግር ሥር አስቀመጠው። «የቀረው ይሄ ነው። ሌላውን ሰው በልቶበታል» አለ። ቆይቶም «ዐውፍ በይኝ» ብሎ ይቅርታዋን ጠየቃት።

ሱንዱስ ፊቷን አዞረች። ዐውፍ ብያለሁ ለማለት አፏ እምቢ አለ። ነገ እለዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ እሱ ልጁን በጋቢ ማዘል ጀመረ፤ አጥሩ ሥር ሲቀመጥ ስድስት ወር አለፈ፤ ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም። ሐሙስ ዕለት መቃብሩ ላይ ሸህ ሐቢብ «ዐውፍ በሉት» ሲሉ ወንዱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ዐውፍ ብለናል እንዳለ ተነገራት። ሴት ቀብር አትሄድምና እሷ እዚያ አልነበረችም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት፤ ከሰው ሐሜት ይልቅ ይህ ነው።

ቅዳሜ ወንድሟ ጠሃ ከጂዳ በኢሞ ደወለ። ዙለይሃ ስልኩን ከፍ አድርጋ ስለያዘችው ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ተሰማ። ትምህርት ተብሎ አባታችንን በላን፤ ከእንግዲህ ይበቃል አለ። ሱንዱስ ጂዳ ለሥራ እንድትመጣ ፓስፖርት ላይ ዕድሜዋን ከፍ ማድረግ ቀላል እንደሆነ፣ ቪዛውን እሱ እንደሚልክ፣ ልጁን እናታቸው እንደምታሳድግ ነገራቸው። ሱንዱስን አልጠየቃትም። ሴቶቹ መልካም ሐሳብ ነው አሉ፤ ሁለቱ ራሳቸው ከዚያ የተመለሱ ነበሩ፣ እነሱ ምንም አላሉም።

ያን ቀን ዱዓ ተደርጎ ሲያበቃ ሱንዱስ ያላትን ድፍረት ሁሉ አጠራቅማ ከመጋረጃው ኋላ ሸህ ሐቢብን ጠየቀች። እናቷ ልጁን ታደርስላት እንደሆነ አስባ፣ ኢዳ ላይ ያለች ሴት ከቤት ትወጣለች ወይ አለች። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ አራት ወር ከዐሥር ቀን እስኪሞላ ባሏ የሞተባት ሴት ከደጃፍ እንደማታልፍ በዚያ መንደር የማያውቅ የለም። ሸሁ ግን ተረጋግተው መለሱ።

«ለሐጃ፣ ለግድ ጉዳይ ከሆነ በቀን ትወጣለች፣ ማታ ቤቷ ትደር። ከደጅ አትለፍ ያልነው እኛ ነን እንጂ ሸሪዓው አይደለም።»

«ሐጃው ባሌን የበላው አጥር ነው?» አለች ዙለይሃ።

ሴቶቹ አብሽሪ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ዙለይሃ ግድግዳውን እያየች በዝግታ ተናገረች። «ኢዳው አይደለም። ያ መንገድ ሐይቁን ያሳያል።»

እሑድ ቅሬው ድንኳኑን ነቀለ፤ ድስቱንና ወንበሩን ቆጥሮ ወሰደ። እናትና ልጅ፣ ሬሳውን ላጠቡት ሰዎችና ለድኻ የሚሰጠውን የሟች ልብስ አጣጠፉ። ሁለት ሽርጥ፣ አንድ ኮት፣ ለዒድ የሚለብሳት ሸሚዝ። ዙለይሃ ጋቢውን ከምስማሩ አላወረደችውም። ሱንዱስ እናቷ ፊቷን ስታዞር የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን አጣጥፋ ከአባቷ ሸሚዝ ሥር አስገባችና ዕቃውን ቋጠረችው። አባቷን ለገደለ ነገር ተመልሳ የምትሄድበት እግር አልነበራትም። ልቧ እንደዚያ ነበር የቆረጠው።

ሰኞ ገና ሲነጋ አንድ ነገር ደረቷ ላይ ወደቀ። ዩኒፎርሙ ነው። ዙለይሃ የተፈታው ጥቅል አጠገብ ቆማለች።

«ይሄ የሙት ልብስ አይደለም» አለች።

«ልጁስ፣ እማ?»

«እኔ ኢዳ ላይ ነኝ» አለችና ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሱንዱስ ልጇን አጥብታ፣ እናቷ አጠገብ አስተኝታ ወጣች። ልብሱን የለበሰችው ስለተሰጣት ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ የተባለውን አልሰማችም። አራት ሰዓት ሲደወል እግሯ በልማዱ ወደ አጥሩ ወሰዳት፤ ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ ትንሿን በር ከፈተላት።

ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ቆማ ጠበቀች። ጡቷ ሞልቶ ዩኒፎርሟን አረጠበው፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሸፈነችው። ልጆቹ ከአጥሩ ውስጥ ይጫወታሉ። ዕረፍቱ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ይህች የመጨረሻ ቀኔ ናት ብላ ልትመለስ ስትል፣ ከታች በኩል አንዲት ሴት ስትመጣ አየች። ሐይቁን ላለማየት ነጠላዋን በአንድ ጎን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትራመደው። ጀርባዋ ላይ ነጭ ጋቢ አለ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ጥሩምባ አልነፉም።

ዙለይሃ ልጁን አውርዳ ሰጠቻት። ትንፋሿን ሰበሰበች።

«አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋቢውን እያየ አለቀሰ» አለች። «አራቱን ቀን እንዲሁ ነው። እኔ ምን ላርገው?»

ሱንዱስ ማጥባት ጀመረች። እናቷ ድንጋዩን አየችና አለፈችው፤ አጠገቡ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ዐውፍ አላልኩሽም» አለች ዙለይሃ። «ይሄን እወቂው። ነገም እመጣለሁ፤ ግን ዐውፍ አላልኩሽም።»

«እሺ እማ።»

ደወሉ ተደወለ። ልጁ አልጠገበም፤ ከጡቷ ስታላቅቀው ተነጫነጨ። ሱንዱስ እናቷን ልጁን አሳዘለቻትና ጋቢውን አጥብቃ አሰረችላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው። ፀሐይ አሙቆታል።

«ዐውፍ ብያለሁ፣ አባ» አለች፤ ወደ በሩም ሮጠች።

ዙለይሃ ከመሬቱ ተነሣች። ልትሄድ ስትል በጋቢው ጫፍ የድንጋዩን አቧራ ጠረገችለት።