የዌድ ባንዲራ

ኔልዳ ሃርላንን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠልታዋለች፤ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ግን ዋናውን ምክንያት አታውቅም ነበር።

በዚያ የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፤ መኪናው ላይ በረጅም ዘንግ ባንዲራ ያልሰቀለ አሸዋውን አይረግጥም። ከኮረብታው ወዲያ ያለ ሰው ቀድሞ የሚያየው ባንዲራውን ነዋ! የኔልዳ ወንድም ዌድ የአሸዋ ነጂዎቹ ክበብ በተመሠረተበት ዓመት ያለ ባንዲራ ወጥቶ፣ ከወዲያ ከመጣ መኪና ጋር ተላትሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው መግቢያው ላይ ቆማ ባንዲራ የምትቆጣጠረው ኔልዳ ናት። የሌለውን ሊቀመንበሩም ቢሆን ትመልሰዋለች።

ሊቀመንበሩ ሃርላን ነው። ለክበቡ ሃምሳኛ ዓመት በዓል ታሪኩን በመጽሐፍ ጽፎ፣ ያን ቅዳሜ ማታ ወጣቷ ጸሐፊ ማርሲ በክበቡ አዳራሽ ለአባላቱ ታነብለት ነበር።

«ዌድ በግድየለሽነቱ ባንዲራውን ረስቶ ወጣ...»

«አቁሚ!» አለች ኔልዳ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «እሱን አውጪው።»

ሃርላን ሳቀ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልቅሶ! ወንድምሽ ዝርክርክ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ?»

«መኪናህን አሸዋ ውጦት ጎትቱኝ ብለህ ስትጮኽ አይደል እንዴ ዘሎ የተነሣው? አንተን ሊያወጣ ነው የሞተው።»

«ያለ ባንዲራ ና ያለው ማነው? መጽሐፉ ሰኞ ይታተማል። አንድ ቃል አይነካም።»

የዚህ ሰው ድፍረት! ሙት ወቃሽነቱ አልበቃ ብሎት፣ የዚያን ዘመን ባንዲራውን ከጋራዡ አውጥቶ በመስታወት ውስጥ አድርጎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከሥሩም «ዌድ በሞተበት ዕለት ሃርላን የሰቀለው ባንዲራ። ሕግ ያከበረ ይኖራል» ብሎ ጽፏል። ኔልዳ ተጠግታ አየችው። ቀይ ነው፤ ጥጉ ላይ አረንጓዴ እራፊ አለው።

«ሃርላን፣ ይሄን የሰቀልከው ያን ቀን ነው?»

«ማንበብ አቃተሽ እንዴ? ያኑ ቀን!»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

«እራፊው የጉርድ ቀሚሴ ነው» አለች ኔልዳ። «የሰፋሁት ዌድ ሊሞት በዋዜማው፣ በእሱ ባንዲራ ላይ ነው። 'ይሄ ስፌት ነው የዶሮ እግር?' ብሎ ስቆብኛል።»

ሃርላን ዓይኑን ከባንዲራው አሸሸ።

«የእኔን ነፋስ ወስዶት ነበር» አለ። «ዌድ አሸዋው እንዳይውጠው አጎንብሶ ጎማውን ያስተነፍሳል። ለአንድ ዙር ብዬ ነው እኮ የነቀልኩት... ልመልሰው ነበር።»

«ሳትነግረው።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«እሱም ልጅ ነበር፤ አንተ ሌባ!»

ማርሲ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘችው። «ሃርላን፣ በቦታው ምን ልጻፍ?» አለችው።

በበዓሉ ቀን ቀድሞ አሸዋውን የሚወጣው ሊቀመንበሩ ነው። መኪኖቹ ከኋላው ተሰለፉ። ኔልዳ የወንድሟን ባንዲራ ከነመስታወቱ ታቅፋ መግቢያው ላይ ቆማለች። ሃርላን ሲደርስ እጇን አነሣች።

«ባንዲራ አለኝ» አላት ዓይኗን ሳያይ።

ሃምሳ ዓመት እዚያ ቆማ የጠየቀችው «ባንዲራ አለህ?» እያለች ብቻ ነበር።

«አይቼዋለሁ። የማን ነው?»

ሃርላን መሪውን ጠምዝዞ መኪናውን አዞረ።