የዋንዛው ቤት በቡሬ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ይህን ነገር ቆሞ የሚሰማው የለም።

ይርሳው ቡሬ ከተማ በአንድ ቆርቆሮ ቤት በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

"ኧረ አያ ዳኘው! ዋንዛ ለማየት ከማንኩሳ ቡሬ ድረስ? ደጃችን ላይ ቆሞ የለም እንዴ? ነገ ደግሞ አህያ እዩ ብለው ይጠሩናል!"

"ዝም በል፣ ይሰሙሃል" አለው ዳኘው ለጎረቤቱ።

ጣሊያን ቡሬን ይዟል። ጣውላ የሚነግድ አንድ ጣሊያን ከዋንዛ የተሠራውን ሁሉ በዚህ ቆርቆሮ ቤት ሰብስቦ፣ የአገሩ እንጨት ጠራቢ መጥቶ ይይ ብሎ በጭቃ ሹሙ አስነገረ። ዳኘው ጠራቢ ነውና መጣ። ምራቱ አቻምየለሽም ገበያ ነበራትና አብራው መጣች። ባሏ ክንዱ፣ የዳኘው ልጅ፣ አርበኛ ሆኖ ጫካ ከገባ ከርሟል። ለሰው ግን "መተከል ለንግድ ሄዷል" ነው የሚሉት።

ሦስቱም ገቡ።

"ይህ በጌቶች አገር ሙዜዮ ይባላል" አለ አስተርጓሚው፣ በአርጩሜ እየጠቆመ። ገበታ፣ በርጩማ፣ የኮርቻ እንጨት፣ ቆዳው የተገፈፈ ከበሮ። "ዋንዛ ምስጥ አይደፍረውም!" ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀውን እንደ አዲስ ነገር ያዳምጣል።

ዳኘው ቀና አለ።

ግድግዳው ላይ ብረቱ የተነቀለ የጠመንጃ ሰደፍ ተሰቅሏል። ክንዱ ግራኝ ነው። ጉንጩ የሚያርፍበትን ስፍራ በግራኝ ልክ ጎድጎድ አድርጎ የጠረበለት ራሱ ዳኘው ነው። ልጁ ያን ጠመንጃ ተኝቶ እንኳ ከደረቱ አያወርደውም ነበር።

"ይህ ከሽፍታ ሬሳ ላይ የተገኘ ነው። ጌታው ጥርቡን ወዶታል። የማን እጅ ነው?" አለ አስተርጓሚው።

ይርሳው ሳቁን ዋጠ። የዳኘውን እጅ አየና ቶሎ ዓይኑን ወደ ከበሮው መለሰ።

"አንተ ሽማግሌ! ጠራቢ አይደለህም? ተናገር እንጂ!"

"እኔ ጌታዬ፣ ቀንበርና ሞፈር ነው የምጠርብ" አለ ዳኘው። "የዚህን ሰው እጅ አላውቀውም።"

ሲወጡ አቻምየለሽ ከኋላው ትከተላለች። መቼም መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው በጎኗ ሲኖር ነው እንጂ። እዚህ እሪ ብትል ደግሞ ወታደሮቹ እሷንም እሱንም አይለቋቸውም። ይህን እያሰበ ይራመዳል።

ከከተማው እንደ ወጡ፣ "አንቺ ቀጥዪ ልጄ" አላት። "እኔ በወንድምሽ ቤት በኩል ልዙር። የበሬ ነገር አለችኝ።"

አቻምየለሽ ቆመች። ፊቱን አላየችም። የነጠላዋን ጥለት ጨበጠች።

"አባባ" አለችው ቀስ ብላ፣ "እናቴንም ይጥሩልኝ። ወንድሜ ብቻውን ይዞ አይችለኝም።"

ከዚያ መንገዱን ይዛ ሄደች። ዘመዶቿ ጎሕ ሲቀድ ደጇን እስኪያንኳኩ ድረስ ድምፅ አላሰማችም።

እባካችሁ ልጆቼ፣ እሪታዋን ውጣ ያደረችውን ያችን ሴት አንዳንዴ አስቧት።