ከጣሪያው ማዶ

«ያዢ! አጥብቀሽ ያዢ ነው የምልሽ!»

ድምፁ ከጣሪያው ማዶ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ እግሯን ጓሮው ውስጥ ካለ ድንጋይ ጋር አስደግፋ ሳበች። ዕድሜዋን ሙሉ ክር እንጂ ገመድ ይዛ አታውቅም። በሌላኛው ጫፍ የታሰረውን ሽማግሌ ደግሞ ጨርሶ አታየውም። እሱ በፊት ለፊት በኩል ቆርቆሮው ላይ በደረቱ ተለጥፏል፤ በመሐላቸው ያለው የአባቷ ቤት ጣሪያ ነው።

አባቷና ይህ ሰው ከልጅነት ጀምሮ የማይለያዩ፣ ጣሪያ ሲከድኑ የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከማዶ ቆሞ ገመዱን ይይዛል። ጓደኛውን «ድመቱ» ያለው አባቷ ነው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የሰውን ቤት ሁሉ ከዝናብ ሲያስጥሉ የአባቷ ጣሪያ ግን ልክ በእናቷ አልጋ ላይ ያፈስ ነበር። «በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ሲባባሉ አባቷ ታመመ፣ ሞተም። ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ሲጠቁር ድመቱ መሰላሉን ተሸክሞ ከች አለ። ወጣት እንቅጠር ቢሉት «እኔ በቁሜ?» ብሎ ተቆጣ።

«አንተ ሰውዬ ውረድልኝ!» እናቷ ከቤት ወጥታ ጮኸች። «ለሱ አልቅሼ ሳልጨርስ አንተን ልትጨምርብኝ ነው? ይፍሰስ! ሳሎን እተኛለሁ!»

«የሱ ሚስት ባልዲ ታቅፋ ታድራለች ቢባል በየት በኩል አልፋለሁ? ሁለት ቆርቆሮ ነው የቀረኝ።»

«ቅድምም ሁለት ነው ያልከው!»

«ቅድም ዋሽቼ ነው።»

ልጅቷ ልትስቅ ፈለገች፤ ገመዱ ግን እጇን ይለበልባታል። ሳይወጣ በፊት ያስተማራት አጭር ነበር፤ «አንዴ ከሳብኩ ልቀቂ፣ ሁለቴ ከሳብኩ ያዢ። ሌላ ነገር የለውም።»

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መታ መታ አደረጉት። በዚያው መዶሻው ዝም አለ። ገመዱም አልተሳበም። እሷም ጠበቀች።

«ጋሼ?»

ድንገት የድመቱ ጭንቅላት ከጣሪያው አናት ላይ ብቅ አለ። አባቷ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አየ፣ እሷን አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ወዲያው እግሩ ረጠብ ያለው ቆርቆሮ ላይ ከዳውና ተሰወረ። ገመዱ እየጎተተ ከግድግዳው ጋር አላተማት። እናቷ «ኡኡ!» አለች።

«ይዤሃለሁ!» ጉልበቷን ግድግዳው ላይ ተክላ ወደ ኋላ ተንጋለለች። «ጋሼ፣ ይዤሃለሁ!»

ቆርቆሮው እየተንኳኳ ቆይቶ ጸጥ አለ። ገመዱ ትንሽ ላላ። ድመቱ መርገጫ አግኝቷል።

«ምን ልታይ ነው የተነሳኸው?» ከድንጋጤዋ የተነሳ ተቆጣችው፤ እንባዋም ይወርዳል። «ምን ልታይ?»

ሽማግሌው ከማዶ እያለከለከ መለሰላት።

«መዶሻዬ ዝም ሲል አባትሽ አንዴ ሳብ ያደርገኝ ነበር። ከታች፣ በቀስታ፣ እንዲሁ። ሳይስበኝ ሲቀር... ዛሬ ምን ነካው ብዬ ልየው ተነሳሁ። ሰው ይረሳል እኮ ልጄ።»

ልጅቷ ያንን መሳብ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች ሰው በሚጋፋበት መንገድ አባቷ ከኋላዋ እየሄደ የቀሚሷን ጫፍ አንዴ ሳብ ያደርግ ነበር። ዞር ብላ አታየውም፤ «አለሁ» ማለቱ ነው። አባቷ ለወሬ ሰነፍ ነበር፤ ፍቅሩን የሚናገረው እንዲህ ነው። የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር። መጀመሪያ ቅናት ቢጤ ወጋት፤ ቀጥሎ ግን አባቷ ክፉኛ ናፈቃት።

«አውርጂው!» አለች እናቷ። «በሞቴ፣ አውርጂው!»

«ልጄ፣» አለ ድመቱ፤ ድምፁ አንሷል። «አንድ ቆርቆሮ ነው የቀረው። የአሁኑ እውነት ነው። ውረድ ካልሽኝ ግን እወርዳለሁ። ገመዱ ያንቺ ነው።»

አሁን ከወረደ ዳግመኛ ጣሪያ ላይ እንደማይወጣ ገባት። ቢወድቅ ደግሞ እናቷንም እራሷንም ቀና ብላ የምታይበት ዓይን አይኖራትም። እጇ ተልጧል። ዝናቡ እየጠነከረ ነው።

ገመዱን አንድ ዙር ጨምራ ጠመጠመችው። ድንጋዩ አጠገብ የአባቷ ጫማ ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ ተረከዞቿን እዚያ ተከለች።

ከዚያ ገመዱን አንዴ፣ በቀስታ ሳብ አደረገችው።