ውሻው የቀረበት እትም

ኤቤር ኩርቤሎ ከልቡ የሚፈልገውን ዕቃ ሲያገኝ መጀመሪያ ጀርባውን ይሰጠዋል። በትሪስታን ናርባሃ ጎዳና እሑድ እሑድ በሚዘረጋው ገበያ ይህን የማያደርግ ሰብሳቢ የለም። ዕቃውን በጨረፍታ ታየዋለህ፤ ዋጋውን እንደ ዋዛ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብለህ ትሄዳለህ። ስትመለስ ሻጩ ፀሐይ መትቶት፣ ርቦት፣ ዋጋውን ቀንሶ ይጠብቅሃል። ኤቤር ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው ነውና ለዚህ ዙር እንኳ የራሱ መስመር አለው። ከወፍ ሻጮቹ ይነሣል፣ በአሮጌ ቁልፍ ሻጮቹ በኩል ያልፋል፣ ከወዳጁ ከሚልቶን ጠረጴዛ ደርሶ ማቴ የሚሉትን ትኩስ የቅጠል ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ሚልቶን አሮጌ የሥዕል መጽሔት ይሸጣል። ጠረጴዛውን ከበው የሚቆሙት ሰዎች ግን ከገዙት ይልቅ ያመለጣቸውን ማውራት ይወዳሉ። አንዱ ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ ሳያገላብጠው ትቶት የሄደውን ክምር ያነሣል። ሌላው ወደ ቦነስ አይረስ ሲሻገር ሻንጣ ከበደኝ ብሎ ወደብ ላይ ለማያውቀው ሰው የሰጠውን። ሚልቶንም ከእነሱ አያንስም።

«እኔ ስብስቤን ሙሉውን ሸጬ ፍሪጅ ገዛሁ» ይላል። «ፍሪጁ ከሞተ ስንት ጊዜው! አሁን ጫማ ነው የማስቀምጥበት። በከፈትኩት ቁጥር የሚታየኝ ግን መጽሔቶቼ ናቸው።»

የኤቤር ቁጭት የአንድ መጽሔት ብቻ ነበር። «የወንዙ ጀልበኛ» ልጅ ሳለ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረ የሥዕል መጽሔት ነው። ስድሳ እትም ወጥቶ ቆመ። ኤቤር ካደገ በኋላ አንድ በአንድ እየፈለገ ሃምሳ ዘጠኙን ሰብስቧል፤ እያንዳንዱን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አቁሟቸዋል። የጎደለው አሥራ ሰባተኛው ነው። የሚያንገበግበው ደግሞ ይህ እትም በአንድ ወቅት የራሱ የነበረ መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን መጽሔት አንድ ሰው ጋ አይቆይም ነበር። በየሰፈሩ የመለዋወጫ ሱቅ ነበር፤ ያነበብከውን ሰጥተህ ከትንሽ ሳንቲም ጋር ያላነበብከውን ትወስዳለህ፣ ባለሱቁም ሽፋኑ ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል። ልጆች ደግሞ ከሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ተሰልፈው እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። ኤቤር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ አሥራ ሰባተኛውን ጠዋት ገዝቶ፣ በሁለቱ ፊልሞች መሃል ባለው ዕረፍት ላነበው ብሎ ወደ ሰልፉ ሄደ። እዚያ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ሁለት የካውቦይ መጽሔት ዘረጋለት። ሁለት በአንድ! ኤቤር ሰጠ። በዕረፍቱ መብራት ሲበራ ያ ልጅ ሁለት ረድፍ ቀድሞት ተቀምጦ ነበር። ያጎነበሰው ማጅራቱ ይታይ ነበር፤ ገጾቹም ሲገለጡ ይታዩ ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን አልታዩም።

በሳምንቱ አሥራ ስምንተኛው ወጣ። ጀልበኛው በአሥራ ስድስተኛው ላይ ከጀመረው ጎርፍ ተርፏል። ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተለይቶ የማያውቀው ውሻው ቲሶን ግን የለም። ምን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለም። በአሥራ ዘጠነኛውም የለም። እስከ ስድሳኛው ድረስ የለም።

«ሰምጧል፣ ሌላ ምን ይሆናል» ይላሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት።

«ምን ሰመጠ ትላላችሁ» ይላል ሚልቶን። «ሠዓሊው አራት እግር መሣል ሰልችቶት ነው።»

«አሥራ ስምንተኛው ላይ ፈረስ አለ» ይላል ኤቤር፣ ሳይስቅ። «አራቱም እግሮቹ ተሥለዋል።»

ያን እሑድ ኤቤር ከዋናው ገበያ ወደ ጎን በምትገባው ጠባብ መንገድ ይሄድ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ የሌላቸው ሰዎች መሬት ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ይሸጣሉ። አንድ ወጣት የሬዲዮ ዕቃ፣ ማንኪያ፣ ካውያ ደርድሯል። ከካውያው አጠገብ አሥራ ሰባተኛው እትም ነበር።

ሽፋኑ ላይ ቲሶን በጀልባዋ አፍንጫ ቆሞ ቡናማውን ውኃ ያያል። የመለዋወጫ ሱቅ ሐምራዊ ማኅተም ጆሮው ላይ አርፏል። የመጽሔቱ ጀርባ በሙጫ ተጠግኗል። ኤቤር ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ በዓይኑ ጠረግ አድርጎ አየ። ቶሎ ዓይኑን ካውያው ላይ ተከለ።

«ይሠራል ይሄ?»

«ሶኬት ፈልገው ይሰኩታ፣ አባባ።»

«ወረቀቱስ ስንት ነው?»

«የቱ? እሱ? ሰማንያ ፔሶ።»

አሥር እጥፍ ቢጠራበት የሚከፍል ሰው ነበር። አፉ ግን ዕድሜውን ሙሉ የለመደውን አለ፤ «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ።» ገልጦ እንኳ አላየውም። ገልጦ ያየ ሰው ፈልጎታል ማለት ነውና።

በወፍ ሻጮቹ፣ በቁልፍ ሻጮቹ አድርጎ፣ እርምጃውን ሳያፈጥን ሚልቶን ጋ ደረሰ።

«አገኘሁት» አለ።

«ምኑን?»

«አሥራ ሰባተኛውን።»

ከበው የቆሙት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ሚልቶን የፍል ውኃውን ፔርሙዝ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«የታለ ታዲያ?»

«ሻጩ ጋ። እየዞርኩ ነው።»

«እየዞርኩ?» አለ ሚልቶን። «አንተ ቀያሽ፣ ጤና የለህም እንዴ? አርባ ዓመት የዞርከው አይበቃህም? ሩጥ እንጂ!»

ኤቤር ሮጠ። ገበያተኛው ይህን ቁምነገረኛ ሰው ሲሮጥ አይቶት አያውቅምና መንገድ ለቀቀለት። ሲደርስ ካውያው አለ፣ ማንኪያዎቹ አሉ፣ ከካውያው አጠገብ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ወሰዱት፣ አባባ» አለ ወጣቱ። «አንዲት ሴትዮ። ባሮ ሽንኩርት የያዘች።»

«በስንት?»

«በሰማንያ። አንድ ቃል አልተከራከረችም። እንደሷ ያለውን ያብዛልን!»

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ አውቶቡሱ። ካውያውንስ ተዉት?»

ሴትየዋ በዋናው ጎዳና ፌርማታ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋ ከእሱ ጥቂት ቢያንስ ነው። ባሮ ሽንኩርቱ ከዘንቢሏ አንገቱን አውጥቷል፤ መጽሔቱ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ኤቤር እያለከለከ ሲጠጋ ሴትየዋ ጣቷን ምላሷ ላይ አስነክታ ገጽ ልትገልጥ ነበር።

«እባክዎ ጣትዎን አያርጥቡት!» አለ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ሴትየዋ ጣቷን አየር ላይ አቁማ ቀና አለች። «የእርስዎ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ማለቴ... ሊሆን ነበር። ዞር ብዬ ልመለስ ብዬ ነው።»

«አዬ፣ ከእነዚያ ነዎታ!» አለች። «ባሌም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንበር ሊገዛ በወጣ ቁጥር እንደዚህ ነበር። ቤታችን ወንበር ሳያይ ሞተ።»

ኤቤር ስሙን ነገራት፤ እሷም ኒቢያ እባላለሁ አለችው። «የከፈልሽውን ሦስት እጥፍ ልስጥሽ» ሊል አስቦ፣ በአንቱታ አስተካክሎ ተናገረ። ራሷን ነቀነቀች።

«መጀመሪያ የመጣሁበትን ልይ።»

«ምንድን ነው የሚያዩት?»

«ውሻውን።»

ኤቤር ከጎኗ ተቀመጠ። አልፈቀደችለትም፣ አልከለከለችውምም።

«አባቴ የአሸዋ ጀልባ ላይ ነበር የሚሠራው» አለች። «ላ ቴሃ ሰፈር ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ነበርን። ማንበብ የሚችል እሱ ስለነበር ከመለዋወጫ ሱቅ ያመጣና ለግቢው ሁሉ ያነብልን ነበር። እኛ ልጆቹ ግን መንካት ክልክል ነው። ከቆሸሸ በነጋታው ማን ይለውጠዋል? ስለዚህ ወደ ራሱ አዙሮ ይይዘዋል። እኛ የምናየው ጀርባውን ነው፣ የሳሙናውን ማስታወቂያ።»

«ታዲያ ቲሶን ምን ሆነ ብሎ አነበበላችሁ?»

«ምን ይሆናል? እስከ መጨረሻው ነበራ።»

«እስከ መጨረሻው የለም!» አለ ኤቤር። አጠገባቸው የቆመች ልጅ ዘወር ብላ አየችው። «ከአሥራ ስምንተኛው ጀምሮ የለም። አንድም ቦታ። ሁሉም እኔ ጋ ናቸው፣ እመቤት፤ ከዚህ በቀር።»

«አሁንማ አውቃለሁ» አለች ኒቢያ። «ካገባሁ በኋላ አማቶቼ ቤት ጥቂቶቹን አገኘሁ። አንዱን ገለጥኩ፣ ውሻ የለም። ሌላውን ገለጥኩ፣ ውሻ የለም። እኔ እኮ ስንቱን ጉድ ሲሠራ ሰምቻለሁ! እባብ ገድሏል፣ ሕፃን ከውኃ አውጥቷል፣ አንድ ዳኛ ነክሷል። ሁሉንም አባቴ ነው የጨመረው። ያን ጊዜ እሱ ሞቷል፤ ማንን ልጠይቅ? ከየት ጀምሮ እንደዋሸኝ ልይ ብዬ ነው የምፈልገው።»

ወዲያው ገጹን አልገለጠችም። ኤቤርም ይግለጡት አላለም። አርባ ዓመት የፈለገው ነገር ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ ሁለቱም ግን የፈሩ ይመስሉ ነበር።

«በዚህ በኩል ይያዙልኝ» አለች በመጨረሻ። «ጣቴን እንዳላረጥብ።»

ኤቤር የገጹን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ። አብረው አነበቡ። ጎርፉ ትልቁን ጀልባ ሰብሮታል። ጀልበኛው በትንሿ ታንኳ ላይ ነው፤ ቲሶን እግሩን ተጎድቶ በወንዙ መሃል ባለ ደለል ላይ ቆሟል። ጀልበኛው ገመድ ይወረውራል። ውሻው ገመዱን በጥርሱ ይይዛል። ገመዱ ይበጠሳል። ታንኳዋን ውኃው እየወሰዳት ሳለ ጀልበኛው እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ ይጮኻል፤ «ወንዙ ሲጎድል እመለሳለሁ!» በመጨረሻው ሥዕል ውሻው ከሩቅ ይታያል፣ ከጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ነው።

«አልተመለሰም» አለ ኤቤር፣ ድምፁ ደከም ብሎ። «ወንዙ ሃያ አንደኛው ላይ ጎድሏል። በዚያው በኩል አልፏል። ደለሉ ተሥሏል። ጀልበኛው ግን ዘወር ብሎ እንኳ አላየም።»

ኒቢያ ወደ መጽሔቱ ጎንበስ አለች። ጣቷን ገመዱ በተበጠሰበት ሥዕል ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «እዚህ ጋ ማንበቡን አቆመ። አንገቱን አከከ። ልብስ አጣቢዋ ዶኛ ሴልሚራ ‹ቀጥል እንጂ፣ ምን ያዘህ› አለችው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገና ‹ቲሶን ዘለለ› አለ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ትስቅ ነበር። «ውሸታም» አለች። «የኔ ውሸታም።»

ኤቤር ኪሱ ውስጥ የያዘውን ገንዘብ ጨብጦ ቆየ። ይህች አንዲት መጽሔት ብትገባለት ስድሳው ይሞላል፤ በአገሩ ሙሉውን የያዘ ሌላ ሰው መኖሩን አያውቅም። እንደገና ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አልሸጥልዎትም። አይቀየሙኝ። አባቴን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።»

«አልቀየምም» አለ፤ ገንዘቡንም ለቀቀው።

አውቶቡሱ መጣ። ኒቢያ መጽሔቱን ጠቅልላ ዘንቢሉ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጎን ከተተችው። ኤቤር ይህን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረ። ሰዎቹ ገቡ። እሷም አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች።

«እመቤት ኒቢያ!» አለ ኤቤር ከአግዳሚው ብድግ ብሎ። «አሥራ ስምንተኛው ላይ፣ ጀልበኛው በሌላ ጀልባ ስኳር ጭኖ ወደ አሱንሲዮን ሲሄድ ሌቦች የመጡበት ጊዜ... ቲሶን የት ነበር?»

«የት ይሆናል? ጆንያዎቹ መሃል ተኝቶ ነበራ! ታዲያ ጀልበኛውን ማን የቀሰቀሰው ይመስልዎታል?»

«በመጽሔቱ ላይ በራሱ ነው የሚነቃው።»

«እንዴት ተደርጎ በራሱ ይነቃል? ቀኑን ሙሉ ሲቀዝፍ የዋለ ሰው!»

ኤቤር አሰበው። እትሙን ደጋግሞ አንብቦታል፤ ጀልበኛው ለምን እንደነቃ ግን የትም አልተጻፈም።

«እማማ፣ ይገባሉ ወይስ ይወርዳሉ?» አለ ሾፌሩ።

ኒቢያ ሾፌሩን አየች፣ ኤቤርን አየች። እግሯን ከደረጃው መለሰች። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ጭሱን ለቆባቸው ሄደ።

«ቀጣዩ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለች ዘንቢሏን እያስቀመጠች።

«እሑድ ነው፤ ይቆያል» አለ ኤቤር። ቦታ ለቀቀላት። «ከዚያስ? የመጀመሪያው ሌባ ጀልባዋ ላይ ሲወጣ?»

«የመጀመሪያው አይደለም» አለች ኒቢያ እየተቀመጠች። «የመጀመሪያውን አሳልፎታል። ብልጥ ውሻ እኮ ነው፤ ሁለተኛውን ነው የጠበቀው።»